መንኮራኩር የሚቆምበት ስፍራ፦ ከቢቸና ሜዳ እስከ ሰባራ ድልድይ

በምሥራቅ ጎጃም ከቢቸና ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚያመራው መንገድ ለብዙ ዓመታት የጠጠር መንገድ ነበር። በስተምዕራብ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ የዓባይ ሸለቆ ያዋስኑታል፤ በሁለቱ መካከል የተዘረጋው አገር ዐይን እስኪታክተው ድረስ የጤፍ ማሳ የሚታይበት ገላጣ ሜዳ ነው። በቅርብ ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ ሰፋ ያለ ጎማ በተገጠመለት ብስክሌት በጠጠር መንገድ ላይ ረጅም ጉዞ ማድረግ እንደ አዲስ ስፖርት ተስፋፍቷል። የዚህ ስፖርት ወዳጆች የሚመኙት ሁሉ፣ ይኸውም ሰፊ ሜዳ፣ ጥቂት ተሽከርካሪና በየርቀቱ የሚገኝ ጥንታዊ ቅርስ፣ በቢቸናና በሞጣ አገር ተሟልቶ ይገኛል። ይሁን እንጂ የዚህ አገር የመንገድ ታሪክ የሚነበበው ሜዳው ካለቀበት፣ መንኮራኩርም ከሚቆምበት ስፍራ ላይ ነው።

ብስክሌትና የጠጠር መንገድ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጆን ማክአዳም የተፈጨ ድንጋይ በደረጃ በደረጃ አንጥፎና ጠቅጥቆ፣ ውሃውም ወደ ዳርና ዳር እንዲወርድ መካከሉን ጥቂት ከፍ አድርጎ መንገድ የመሥራትን ዘዴ ያስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት መንኮራኩሮችና ሰንሰለት ያለው ብስክሌት በእንግሊዝ አገር ሲሠራ፣ በ1888ም ደንሎፕ በነፋስ የሚሞላውን ጎማ ሲያወጣ፣ ነጂዎቹ የሚጓዙት በዚሁ በጠጠርና በአፈር መንገድ ላይ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ1880 የተቋቋመው የብስክሌት ነጂዎች ማኅበር የመንገድ ይሻሻልልን ጥያቄ ካነሡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ይህን ያደረገውም አውቶሞቢል ከመስፋፋቱ በፊት ነው። ስለዚህ ለዘመናዊ መንገድ መሠረት ከጣሉት ኃይሎች መካከል ብስክሌት የራሱ ድርሻ አለው።

በአገራችን መንኮራኩርና መንገድ የተዋወቁት በሌላ ሁኔታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትንና ሴባስቶፖል የተባለውን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 እና በ1868 ወደ መቅደላ ሲያጓጉዙ፣ ገደሉን በማስቆረጥ መንገዱን ለመንኮራኩር ብለው ማስጠረግ ግድ ሆኖባቸዋል። ከዚያ በኋላም ቢሆን የሰሜኑ ንግድ ለረጅም ጊዜ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ላይ ኖረ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም የተደራጀ የመንገድ ሥራና ጥገና ተጀመረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሊምፒክ ጨዋታ ከሯጮቹ ጎን የብስክሌት ቡድን አሰለፈች። ከሞጣ በስተሰሜን ምዕራብ የምትገኘው የባሕር ዳር ከተማም ብስክሌት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ የሆነባት ከተማ በመባል ለመታወቅ በቅታለች።

ወደ ሜዳው እንመለስ። የቢቸና አካባቢ አፈር አብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ ለጤፍ በረከት፣ ለመንገድ ግን ጠላት ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ሲሆን ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ የሚነጠፈው ጠጠር ቦዩ ካልተጠረገለትና የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦው ከተደፈነ በአንድ ክረምት ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ከጮቄ የሚፈልቁት እንደ ሱሃና ሙጋ ያሉ ወንዞችም ሜዳውን እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከሩቅ ሲመለከቱት ሜዳ የመሰለው አገር በብስክሌት ሲሄዱበት ሸለቆው አንድ በአንድ ይገለጣል። የአገሩም ቅርሶች በዚሁ ሜዳና በዚሁ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተተከሉ ናቸው። በቢቸና አጠገብ በቅኔና በመጻሕፍት ትምህርቱ የታወቀው ዲማ ጊዮርጊስ ይገኛል። ከዋናው መንገድ በስተምሥራቅ በኩል ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ያሳነጹት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ከነተቀረጸ ድንጋዩ ቆሟል። በሞጣም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት የደበሯት ሞጣ ጊዮርጊስ አለች።

ከሞጣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲወረድ ሜዳው በድንገት ያበቃና የዓባይ ሸለቆ ይገጥማል። ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኘው ጥንታዊው የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በዚሁ ሸለቆ ውስጥ፣ ወንዙ በዐለት መካከል ጠብቦ በሚያልፍበት ስፍራ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የፖርቱጋል ድልድይ ሲባል ይሰማል። ይህ ስያሜ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አቅራቢያ የሚገኘው የአላታ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ፣ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንና ከህንድ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች በአገሪቱ ሳሉ መሠራቱ እውነት ነው። በኖራ የመገንባት ጥበብም የተስፋፋው በዚያን ጊዜ ነው። የሞጣው ድልድይ ግን የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ፣ ዐፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ከአገር ካስወጡ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ ጥበቡ ከውጭ ቢገባም እንኳ፣ በዚያ ጊዜ ጎንደርን ያነጹት ግንበኞች የራሳቸው አድርገውት ነበር ማለት ነው። ድልድዩን በውጭ ሰው ስም ብቻ መጥራት የእነዚህን ግንበኞች ድካም መዘንጋት ይሆናል።

የጣሊያን ወራሪ ኃይል አገሪቱን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን የድልድዩ መካከለኛ ቅስት ፈረሰ። በአካባቢው እንደሚነገረው ያፈረሱት የጠላትን መሸጋገሪያ ለመቁረጥ የተነሡ አርበኞች ናቸው። ለባለሙያ የሚያስገርመው ግን የወደቀው ሳይሆን ያልወደቀው ነው። የድንጋይ ቅስት ጭነቱን የሚሸከመው ጎንና ጎኑን በመግፋት ስለሆነ አንዱ ቅስት ሲጎድል የጎረቤቱ ግፊት ሚዛኑን ያጣል፤ ምሰሶው ቀጭን ከሆነም ተከታትሎ ይወድቃል። እዚህ ግን የቀሩት ቅስቶች ቆመው ቀሩ። የምሰሶዎቹ ውፍረት የአንድን ወገን ግፊት ብቻውን ለመቻል የበቃ ነበር። ያልታወቁት የፋሲል ዘመን ግንበኞች ስሌቱን በወረቀት ሳያሰፍሩ በድንጋይ ጽፈውታል።

ጠላት ከወጣ በኋላ ድልድዩ አልተጠገነም፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ያለው ሕዝብ ግን ገበያውን፣ ዘመዱንና ሐኪም ቤቱን አልተወም። በክፍተቱ ግራና ቀኝ የቆሙ ጎረምሶች ተሻጋሪውን ወገቡን በገመድ አስረው እየጎተቱ ያሻግሩት ነበር። ከ60 ዓመት በላይ የዘለቀው ይህ ሁኔታ ናሽናል ጂኦግራፊክ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ በፎቶግራፍ ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ይህን ፎቶግራፍ አይቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። ተሽከርካሪ ከድልድዩ ስለማይደርስ ብረቱና መሣሪያው በእንስሳትና በሰው ጫንቃ ወርዶ በ2002 ክፍተቱ በብረት ተሸፈነ። ሰው፣ በቅሎና አህያ እንደገና ተሻገሩ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። በ2005 የዓባይ ሙላት ብረቱን ይዞት ሄደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አዲሱ ብረት የተጋደመው በጥንቱ ድልድይ ከፍታ ላይ ነበር፤ ዓባይ ደግሞ በሚያዝያ የሚታየውና በነሐሴ የሚታየው ፈጽሞ አይመሳሰልም። ወንዙ ጠብቦ የሚያልፍበት ስፍራ ርዝመትን በማሳጠር ዋጋ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ውሃው ወደ ጎን መስፋት ስለማይችል ወደ ላይ ይነሣል። በጠባቡ ያተረፉትን በከፍታ መክፈል ግድ ይሆናል። በ2009 የተሠራው የእግረኞች ተንጠልጣይ ድልድይ ይህን ትምህርት ተቀበለ። በኬብል ተንጠልጥሎ ከሙላቱ በላይ ከፍ ብሎ ተዘረጋ፤ በወንዙም ውስጥ ምሰሶ አላቆመም።

በዚህም አዲሱ የማሻገርን ሥራ ሲረከብ ጥንታዊው ከጭነቱ ተገላገለ። ይህ መልካም መፍትሔ ቢሆንም በውስጡ አደጋን ይዟል። ሕዝብ የሚሻገርበት ድልድይ ጠባቂ አያጣም፤ ድንጋይ ቢናጋ ማን እንደሚያመለክት ይታወቃል። ሥራውን የተወ ድልድይ ግን ተመልካች እንጂ ጠጋኝ የለውም። ሙላቱ በየክረምቱ የምሰሶውን እግር መሸርሸሩን፣ የዛፍ ሥርም በኖራው ስንጥቅ መግባቱን ማንም በመዝገብ አያሰፍርለትም። 350 ዓመታት ያለፈው ሕንጻ ዳግም የሚሰበረው በጦርነት ሳይሆን በመረሳት ሊሆን ይችላል።

ከቢቸና በብስክሌት የተነሣ መንገደኛ ሜዳውን ሲጨርስ ከኮርቻው ወርዶ ብስክሌቱን በትከሻው መያዝ ሳያስፈልገው አይቀርም፤ ይህም የመንገዱን እውነት ያስተምረዋል። የጠጠሩ ልስላሴ በቦዩ፣ የጉዞው መቀጠል በመሻገሪያው ላይ የቆመ ነው። ከዚህ የሚወጣው የሙያ ግዴታም ውስን ነው፤ አገልግሎት የሚሰጠው ድልድይ በሚመረመርበት መዝገብ ላይ አገልግሎቱን የፈጸመውም ድልድይ ስሙ ይግባ፤ ምሰሶው ከክረምት በፊትና በኋላ ይለካ፤ ስንጥቁም ከጥንቱ ጋር በሚስማማ ኖራ ይደፈን። የፋሲል ዘመን ግንበኞች ምሰሶውን አወፍረው የማያውቁትን አደጋ ጠብቀው ነበር፤ የዛሬው መሐንዲስ የሚያውቀውን አደጋ ለመጠበቅ የሚያንስበት ምክንያት የለም።