አንድ ውል በሁለት ቅጂ
የውጫሌ ነገርና የኮምፒዩተሮች መረብ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅን አልፎ ወደ አምባሰል አገር ሲገባ ውጫሌ ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ከከተማዪቱ አቅራቢያ ይስማ ንጉሥ የሚባል ስፍራ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በንጉሥ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ መካከል ውል የተፈረመው በዚሁ አገር ነው። የውሉን ታሪክ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። እኛ ግን ይህን የታወቀ ታሪክ ዛሬ ደግመን ማንሣታችን ስለ ጦርነቱ ልንተርክ አይደለም። በየዩኒቨርሲቲው ተቀምጠው ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው እንዴት ተሳስረው እንደሚሠሩ ለሚማሩት ወጣቶቻችን፥ የትምህርቱ ሥር በገዛ አገራቸው መሬት ላይ ተተክሎ እንደሚገኝ ለማሳየት ነው።

አስቀድሞ የትምህርቱን ነገር በአጭሩ እንናገር። አንድ ኮምፒዩተር ብቻውን በአንድ ክፍል ተቀምጦ ሲሠራ ሐሳቡ ሁሉ በራሱ ዘንድ ነው፤ የሚጠራጠረው ሌላ ወገን የለውም። ሁለት ወይም ሁለት ሺህ ኮምፒዩተሮች በተለያየ ስፍራ ሆነው አንድ ሥራ ሲካፈሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንዱ የሌላውን ሐሳብ የሚያውቀው በመልእክት ብቻ ነው። መልእክት ደግሞ ይዘገያል፥ ይጠፋል፥ ወይም ተቀድሞ የተላከው ወደ ኋላ ቀርቶ ኋላ የተላከው ቀድሞ ይደርሳል። ከእነርሱም አንዱ ሲሞት ሌሎቹ መሞቱን በቶሎ አያውቁም፤ ዝምታው የሞት ይሁን የመዘግየት ለመለየት አይቻላቸውምና። የተከፋፈለ የኮምፒዩተር ሥራ የሚባለው ትምህርት በጠቅላላው ከዚህ ችግር የተወለደ ነው።

እንግዲህ ወደ ውሉ እንመለስ። ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት፤ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፥ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን በዚያው መንገድ ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ግዴታ የሚያሰማ ቃል ያዘ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያነበው ግን 19ኛው አንቀጽ ነው። እርሱም ሁለቱ ቅጂዎች ፈጽሞ የተስማሙ ስለ ሆኑ ሁለቱም እኩል የታመኑና ሕጋውያን ይሆናሉ የሚል ነበር። በእኛ አስተያየት የጥፋቱ በር የተከፈተው በዚህ አንቀጽ ነው። ሁለት ቅጂ ማድረግ ክፉ አይደለም፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። ነገር ግን ቅጂዎቹ የተለያዩ እንደ ሆነ የማንኛው ቃል እንደሚጸና፥ የሚያስታርቀውም ማን እንደ ሆነ ሳይወሰን ሁለቱንም እኩል ጌታ ማድረግ ጠብን በማኅተም አትሞ ማስቀመጥ ነው።

ዛሬ ባንኮችና የአየር መንገዶች መዝገባቸውን በአንድ ኮምፒዩተር ብቻ አያኖሩም፤ በሁለትና በሦስት ስፍራ ይገለብጡታል። ባለሙያዎቹም ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ ይኸው የ19ኛው አንቀጽ ጥያቄ ነው። ከፊሎቹ አንዱን ቅጂ አለቃ ያደርጉና ሌሎቹ ከእርሱ እንዲቀዱ ያዛሉ። ከፊሎቹ ደግሞ ከቅጂዎቹ የሚበዙት ካልተስማሙ በቀር አንድም ነገር አይጻፍ ይላሉ፤ ስለዚህም የቅጂዎቹ ቍጥር ሦስት ወይም አምስት እንዲሆን ይመርጣሉ። ሁለት ብቻ ቢሆኑና ቢጣሉ ብዙኃኑ ወዴት እንደ ሆነ አይታወቅምና።

የ17ኛው አንቀጽ ክፋት ግን በቃሉ ልዩነት ብቻ አልነበረም። እንደ ኢጣልያንኛው ቃል ቢሆን ኖሮ የኢትዮጵያ ደብዳቤ ሁሉ ወደ ዓለም የሚወጣው በአንድ በር፥ ይኸውም በሮማ በኩል ብቻ ይሆን ነበር። የመረብ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን መካከለኛ ይጠነቀቁታል። መልእክት ሁሉ በአንድ ስፍራ ካለፈ የዚያ ስፍራ ባለቤት መልእክቱን ሊያዘገየው፥ ሊያነበው፥ ሊለውጠው ይችላል፤ እርሱ ሲሰበርም ሁሉ ይቋረጣል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፖል ባራን የተባለው የአሜሪካ መሐንዲስ ማእከል የሌለው፥ አንዱ መንገድ ሲዘጋ መልእክቱ በሌላው የሚያልፍበት መረብ እንዲሠራ ያሳሰበው ይህን አይቶ ነው። በእንግሊዝም ዶናልድ ዴቪስ መልእክትን በትንንሽ ጥቅል ከፋፍሎ የመላክን ሐሳብ ለብቻው ደረሰበት። ከዚህም የተነሣ በጥቅምት ወር 1969 በካሊፎርኒያ ሁለት ኮምፒዩተሮች በረጅም መስመር ተላላኩ። የመጀመሪያው ቃል አምስት ፊደል ነበረው፤ ሁለቱ ፊደላት እንደ ተላኩ ግን ተቀባዩ ኮምፒዩተር ወደቀ። ታላቁ ኢንተርኔት የተወለደው እንዲህ እየተንተባተበ ነው።

ምኒልክም በ17ኛው አንቀጽ የተደበቀውን የተረዱት በመልእክት ነው። ኢጣልያ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት ኢትዮጵያ በእርሷ በኩል እንድትላላክ ተስማምታለች ብላ አስታወቀች። ምኒልክ ይህን ሳያውቁ በታኅሣሥ ወር ስለ ንግሣቸው ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጻፉ። ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ እንዲህ ያለው መላላክ በኢጣልያ በኩል መሆን ይገባዋል የሚል ሆነ። ደብዳቤው በበቅሎ እስከ ባሕር፥ ከዚያም በመርከብ ነበር የሚሄደው፤ መልሱም እንዲሁ። ስለዚህ ብዙ ወራት ሁለቱ ወገኖች ሁለት የተለያየ እውነት ይዘው፥ እያንዳንዱም የራሱን የሁሉ እውነት መስሎት ኖረ። በመስከረም 1883 ዓ.ም. ምኒልክ ለንጉሥ ኡምቤርቶ የአማርኛው ቃል ግዴታ እንደሌለበት ጻፉ። አንቶኔሊ ተመልሶ ቢመጣም እቴጌ ጣይቱ ባሉበት ሸንጎ የተደረገው ክርክር ፍሬ አላፈራም፤ በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን መተዋቸውን አስታወቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናግባ። የውሉ ቀን በእኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፥ በእነርሱ ግንቦት 2 ቀን 1889 ነው። ሁለት ሰዓት፥ ሁለት የዘመን ቍጥር። ሌስሊ ላምፖርት የተባለው ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ በተራራቁ ኮምፒዩተሮች መካከል ሰዓት ፈጽሞ እንደማይገጣጠም አስተውሎ፥ የነገሮችን ቅደም ተከተል በሰዓት ሳይሆን በመልእክት ማወቅ እንደሚቻል አስረዳ። ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ሊደርስ አይችልም፤ መልስም ከጥያቄው አይቀድምም። የታሪክ ጸሐፊም የዘመን ቍጥሩ ሲምታታበት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የትኛው ደብዳቤ ለየትኛው መልስ እንደ ሆነ ይመለከታል።

ውሉ ካልታረቀ ጦርነት መጣ። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ የክተት ዐዋጅ አስነግረው ሠራዊቱ በጥቅምት ወር ወረኢሉ ላይ እንዲገናኛቸው አዘዙ። ወረኢሉ ያው የወሎ ምድር ነው። ስልክ በሌለበት አገር ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚነሣውን ጦር ማስተባበር የተቻለው ቀኑና ስፍራው አስቀድሞ ስለ ተቈረጠ ነው፤ እያንዳንዱ አለቃ በመንገድ ላይ ሌላውን መጠየቅ አላስፈለገውም። ኢጣልያኖች ግን ከሮማ እስከ ምጽዋ ቴሌግራፍ ነበራቸው። ክሪስፒ ጄኔራል ባራቲዬሪን ይነዘንዝና ይወቅስ የነበረው በዚሁ መስመር ነው። መስመሩ ረጅሙን መንገድ አሳጠረው፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ግን አልሸፈነም።

የካቲት 22 ሌሊት ለ23 አጥቢያ ባራቲዬሪ ጦሩን ከፋፍሎ አልቤርቶኔን በግራ፥ አሪሞንዲን በመካከል፥ ዳቦርሚዳን በቀኝ፥ ኤሌናን በደጀን አድርጎ በጨለማ አስጓዘ። ለአልቤርቶኔ የተሰጠው ካርታ አንድ ኮረብታ ኪዳነ ምሕረት ብሎ ጽፎ ነበር። መንገድ መሪዎቹ ግን በዚያ ስም የሚጠራው እውነተኛው ስፍራ ገና ወደ ፊት መሆኑን ነገሩት፤ እርሱም ትእዛዙን ለመፈጸም ወደ ፊት ገሰገሰ፥ ከጓደኞቹም ተለይቶ ብቻውን በኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ተገኘ። አንድ ስም፥ ሁለት ኮረብታ። የዳቦርሚዳም ጦር ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ዘልቆ ከሌሎቹ ተቈረጠ። የድሉ ምክንያት የኢትዮጵያውያን ጀግንነትና ብዛት መሆኑን ማንም አይክድም። የጠላት ክፍሎች አንዱ የሌላውን ስፍራ ሳያውቅ መዋጋቱ ግን ሽንፈቱን አፋጠነው።

በመረብ ትምህርት ይህ የስም ነገር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የበየነው ሥርዓት ዛሬም የኢንተርኔትን ስሞች ሁሉ ወደ ቍጥር አድራሻ ይመልሳል፤ ስሙ ወደ ተሳሳተ አድራሻ ያመለከተ እንደ ሆነ መልእክቱ የአልቤርቶኔ ዕጣ ይደርሰዋል። ደግሞም የሁለቱ ጄኔራሎች ችግር የሚባል አለ። ሁለት ጄኔራሎች ጠላት በያዘው ሸለቆ በሁለት ወገን ሰፍረው በአንድ ሰዓት ለማጥቃት ይፈልጋሉ፤ መልእክተኛው ግን በመንገድ ሊማረክ ይችላል። የመጀመሪያው ላከ፤ ሁለተኛው «ደርሶኛል» ብሎ መለሰ፤ ነገር ግን መልሱ መድረሱን በምን ያውቃል? የመልሱን መልስ፥ የዚያንም መልስ ቢጠብቁ ማለቂያ የለውም። እርግጠኛ ስምምነት እንዲህ ባለ መንገድ ሊገኝ አለመቻሉ በማስረጃ ተረጋግጧል። ኮምፒዩተሮችም ዛሬ «ደርሶኛል» እየተባባሉ፥ መልሱ የዘገየ እንደ ሆነ ደግመው እየላኩ ይሠራሉ እንጂ ፍጹም እርግጠኝነትን አያገኙም።

ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ውል የውጫሌውን ሻረ። ከዚያ ወዲህ የአገራችን የመገናኛ ታሪክ ረጅም ስለ ሆነ በዚህ ስፍራ ቸኩለን እናልፈዋለን። 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር በምኒልክ ዘመን ተዘረጋ፤ ኢጣልያኖችም ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ ቴሌግራፍ ዘረጉ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ኢንተርኔት በ1989፥ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ገባ። ወረዳዎችን በሳተላይት ከማእከል ጋር ያገናኘው ወረዳኔትም በ1990ዎቹ ተከተለ።

ሞባይል ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። ከደሴ ወደ ውጫሌ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው ስልኩን በእጁ ይዞ ሲሄድ ከአንዱ አንቴና ግዛት ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ ንግግሩም ሳይቋረጥ አንዱ አንቴና ለሌላው ያስረክበዋል። መረቡ የዚያን ሰው ስፍራ በመዝገብ እየጻፈ መከተል አለበት። ከተራራው ጀርባ ሲገባ ደግሞ ይጠፋል፤ የባትሪውም ኀይል ይደክማል። ስለዚህ ለሞባይል የሚዘጋጅ ፕሮግራም መስመር በጠፋ ጊዜ ሥራውን በራሱ ዘንድ አኑሮ፥ መስመር ሲመለስ ለመላክ መቻል ይገባዋል።

ይህም ከከባዱ ጥያቄ ያደርሰናል። መስመር ሲቋረጥ በሁለቱ ወገን የቀሩት ኮምፒዩተሮች ምን ያድርጉ? እስኪታረቁ ድረስ ባለጉዳይን «ቆይ» ብለው ይመልሱን? ወይስ ቅጂዎቹ እንደሚለያዩ እያወቁ ሥራቸውን ይቀጥሉ? ኤሪክ ብሩወር በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማግኘት አይቻልም አለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጊልበርትና ሊንች በማስረጃ አጸኑት። የገንዘብ መዝገብ ሲሆን መከልከል ይሻላል እንላለን። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የባንኩ ኮምፒዩተር ቀሪ ሒሳብን በሚገባ ሳያረጋግጥ ለብዙ ደንበኞች ገንዘብ ሰጠ፤ ከሚወስዱትም ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታውቆ፥ ከመብቱ በላይ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር እንደሚበልጥ ገለጸ፤ አብዛኛውም ተመለሰ።

በገንዘብ የሆነው በሰው ስምም ይሆናል። እኛ ራሳችን በምንሠራበት ሙያ ምክንያት ያየነውን አንድ ነገር እንናገር። አንዲት እናት የሟች ባላቸውን ጡረታ ለማስተላለፍ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መጡ። በወረቀቱ መዝገብ የሟቹ የአባት ስም ኀይሌ፥ በኮምፒዩተሩ ኃይለ ሥላሴ ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱ ማኅተም አለበት፤ ኮምፒዩተሩም ሕጋዊ መዝገብ ነው። የወረቀቱ ሹም «ከኮምፒዩተሩ ጋር አስታርቁ» ይላል፤ የኮምፒዩተሩ ሠራተኛ «ከወረቀቱ ክፍል ደብዳቤ አምጡ» ይላል። እናቲቱም ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲመላለሱ ከአገራቸው ለመምጫ የተበደሩት ገንዘብ አለቀ። በሁለቱም መስኮት የተቀመጡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ እኛም ከእነርሱ አንዱ ነበርን። ከሁለቱ መዝገብ የትኛው እንደሚጸና የሚናገር አንድም ደንብ በእጃችን አልነበረም። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ጸሐፊ ሦስተኛ ማስረጃ ይፈለግ ብለው አሳሰቡ፤ የሟቹ የክርስትና ስምና የአባታቸው ስም የሰፈረበት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ከአምባሰል ተፈልጎ መጣ። ስሙ ኀይሌ ሆነ። ሦስቱ ተቈጠሩ፤ ሁለቱ ተስማሙ፤ የኮምፒዩተሩ ተቃና፤ እናቲቱም በሰባተኛው ወር የመጀመሪያውን ክፍያ ተቀበሉ።