ለገልባጩ እንከፍላለን

ባለፈው እሑድ ልደታ ኮንዶሚኒየም እህቴ ቤት ቡና ልጠጣ ብሄድ እናትና ልጅ ተኳርፈው አገኘኋቸው። ልጁ የኮምፒዩተር ተማሪ ነው። አሜሪካ ያለችው አክስቱ ዘንድ ደውሎ «የ15 ዶላር ጌም ግዢልኝ» ብሏት ኖሮ፣ ወሬው ተመልሶ እናቱ ጆሮ ገብቷል።

«ጋሼ፣ አንተ ፍረደን» አለኝ ልጁ።

«ምኑን ይፈርደዋል!» አለች እህቴ ጀበናዋን እንደያዘች፤ «በ15 ዶላር ካርታ ሊገዛ እኮ ነው! ካርታማ ታች ሱቅ ሞልቶ የለም? ጌምም ከሆነ ያ ፎቁ ሥር ያለው ልጅ በ100 ብር ፍላሹን ግጥም አድርጎ ይሞላለት የለም?»

እውነቷን ነው። ጌሙ ባላትሮ ይባላል፤ በካርታ የሚጫወቱት ቀላል ነገር ነው። እውነተኛ ስሙን የደበቀ አንድ ካናዳዊ ከሞላ ጎደል ብቻውን ሠርቶ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቢያወጣው በአንድ ወር ገደማ አንድ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠለት። 15 ዶላር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ለእኛ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ለእህቴ ልፈርድ ነበር። ቡናው አቦል አልፎ ቶና ላይ ሲደርስ ግን ሐሳቤ ወደ ኋላ ሸሸ።

ልጁ እንዳስረዳኝ ይህ ዓይነቱ ጨዋታ «ሮግላይክ» ይባላል፤ እንደ ሮግ ያለ ማለት ነው። ሮግን በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ የሠሩት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ የነበሩ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን የሚባሉ ወጣቶች ናቸው። ሥዕል የለው፣ ሙዚቃ የለው። ተጫዋቹ በኢሜይል አድራሻ መካከል የምናያት ያቺ ጥምዝምዝ ምልክት ነው፤ ጭራቆቹ ደግሞ 26ቱ የእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ናቸው። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር ለኖረ ሰው ፊደል ሰው የሚበላበት ጨዋታ ምን ያህል እንደሚጥመው ገምቱት! ዋናው ነገር ግን ሁለት ሕግ ነው። ጨዋታው በተጀመረ ቁጥር ዋሻው እንደ አዲስ ይቆፈራል። ከሞቱ ደግሞ ሞቱ ነው፤ ከሀ ነው የሚጀመረው። ሮግ በየዩኒቨርሲቲው ኮምፒዩተር በነፃ ተሰራጨ። በኋላ ለገበያ ሲወጣ ግን እምብዛም አልተሸጠም። ስሙ ለዘር ማንዘሩ ሁሉ መጠሪያ ሆነ፤ ኪስ ግን አልሞላም።

ይህን ስሰማ ጉባኤ ቃና ትዝ አለኝ። ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ ሕጓ ግን ጥብቅ ነው። ባለቅኔውም ትናንት የተቀኘውን ዛሬ አይደግምም፤ ለየበዓሉ አዲስ ማምጣት አለበት። «ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነች ዋጋዋ ትንሽ ነው» ያለ የቅኔ መምህር ግን እስካሁን አልሰማሁም። የቀላል ነገር አሠራሩም ቀላል ነው ያለው ማነው?

«ቅኔውስ በነፃ አይደል የሚሰማው?» አለችኝ እህቴ።

መልስ አጣሁ። እቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን፣ እኛ አገር ለፈጠራ ሥራ ገንዘብ ሳይከፈል የቀረበት ዘመን የለም። ጥያቄው የምንከፍለው ለማን ነው የሚለው ነው። ገበጣን እንተወው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ብዙ ዓይነት አጨዋወት አለው፤ ፈጣሪውም አይታወቅም። መሬት ጭሮ ጠጠር መልቀም ይበቃል። አዝማሪን ፊት ለፊት እንሸልማለን፤ ግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለታለን። መጽሐፍ ላይ ስንደርስ ግን ልማዱ ሌላ ነበር። በብራና ዘመን ዳዊት የሚያስጽፍ ሰው የሚከፍለው ለቁም ጸሐፊው ነው፤ ለብራናው፣ ለቀለሙ፣ ለወራት ድካሙ። የድርሰቱ ባለቤት ብዙውን ጊዜ ስሙም አይታወቅ፤ ቢታወቅም ዋጋውን የሚጠብቀው ከሰማይ ነው። ይህ ያኔ ልክ ነበር፤ መገልበጥ ራሱ ትልቅ ሥራ ነበራ!

ከዚያ ማተሚያው መጣ፣ ካሴቱ መጣ፣ ፎቶ ኮፒው መጣ፣ ፍላሹ መጣ። የመገልበጥ ድካም ከወራት ወደ ደቂቃ ወረደ። ልማዳችን ግን እዚያው ከቁም ጸሐፊው ጋር ቀረ። ዛሬም ሲነገረን «አንከፍልም» አንልም፤ እንከፍላለን። የምንከፍለው ግን ለገልባጩ ነው። የእህቴ 100 ብርም እኮ ገንዘብ ነው! ከእሱ ውስጥ ለሠሪው የሚደርስ አምስት ሳንቲም የለም እንጂ።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለድርሰት ባለቤት መብት ሰጥቷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ቆጥሮ፣ ሆን ብሎ መብት የጣሰውን ሊያሳስር ይችላል። የባዕድ አገር ሥራ ጉዳይ ሌላ ክርክር አለው፤ እሱን ለጠበቆች ልተው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ከእህቴ ፎቅ በእግር የሚደረስበት ነው። ሕጉና ገልባጩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቡና ሳይጠራሩ አይቀሩም።

እኔስ ንጹሕ ነኝ? ሳስተምር ገበያ ላይ የጠፋውን ልብ ወለድ ብቻ ሳይሆን መጽሐፍ መደብር ሞልቶ ያለውንም ኮፒ ቤት አስቀምጬ «ከዚያ አስገልብጡ» ብያለሁ። ኮፒ ቤቱ ገጽ ቆጥሮ ተቀበለ። አንድ ቀን ደራሲው መንገድ ላይ አግኝቶኝ «ተማሪዎችህ መጽሐፌን ወደውታል አሉ» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ይህ ነገር ወዴት እንደሚያደርስ የሚያሳይ ታሪክ አለ። ታርንና ዛክ አዳምስ የሚባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ድዋርፍ ፎርትረስ የተባለ፣ እንደ ሮግ በፊደልና በምልክት የሚታይ ጨዋታ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ሲሰጡ ኖሩ። የሚተዳደሩት በወዳጆች መዋጮ ነበር። ዛክ በካንሰር ታሞ የሕክምናው ወጪ ሲያስደነግጣቸው በ2019 «ከእንግዲህ የሚሸጥም እናዘጋጃለን» አሉ። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. በ30 ዶላር ለገበያ ሲያቀርቡት በዚያው ወር ወደ ግማሽ ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠላቸው።

እኛ ጋ መጨረሻው እንዲህ አያምርም። ድምፃዊው ወይም ደራሲው ሲታመም ቴሌቪዥን ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይነበባል፤ መዋጮ እንጠየቃለን። እኛም ደጎች ነን፣ እናዋጣለን። ካሴቱን ያስገለበጥን ሁላ እንባችንን እየጠረግን እናዋጣለን። ዋጋውን በጤናው ጊዜ ብንከፍለው ኖሮ ዕዳ ባልሆነ፣ እሱም ለማኝ ባልመሰለ።

አሁን ደግሞ የራሳችን ልጆች ጌም መሥራት ጀምረዋል። ዳዊት አብርሃም የመሠረተው ቅኔ ጌምስ በ2018 እ.ኤ.አ. ኩኩሉ የተባለ፣ ዶሮ ከአሳዳጇ የምትሸሽበት ጨዋታ አውጥቷል። ዶላር የለንም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም፤ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ነገር ግን ፎቁ ሥር 100 ብር ፍላሽ በሚሞላበት ሰፈር ያደገ ልጅ፣ ጌም ማለት ዋጋ የሌለው ነገር ነው ብሎ ካመነ፣ ነገ ወንድሙ ለሚሠራው ምን ብሎ ይከፍላል?

ቀላል ጌም ሁሉ ይከፈልበት እያልኩ አይደለም። ግማሹ አንዴ ተከፍቶ የሚረሳ ነው። ሃምሳ ጭኖ አርባ ዘጠኙን ሳይነኩ ከመተው ግን፣ በዓመት አንድ መርጦ፣ በነፃ የሚሰጥ መሞከሪያ ካለውም ሞክሮ፣ ለሠሪው መክፈል ይሻላል። ደጋግመው የሚመለሱበት ነገር፣ መጽሐፍም ይሁን ጨዋታ፣ ዋጋውን ያወጣል።

ወዲያው ለእህቴ ደውዬ ይህንኑ ፈረድኩ። እሷም ትንሽ ዝም አለችና፣

«እሺ ይግዛ። ግን ሞቶ እንደገና ሲጀምር ድጋሚ ያስከፍሉታል?» አለችኝ።

«ኧረ አያስከፍሉትም።»

«እንግዲያማ» አለች፣ «ከእኛ ኑሮ ይሻላል።»