ጋጣና የፈረስ ቤት፤ በደጋው ኢትዮጵያ የፈረስ ማደሪያ አሠራር

ስለ ኢትዮጵያ የቤት አሠራር ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የተመለከቱት ቤተ ክርስቲያኑንና ቤተ መንግሥቱን ነው። ከዚያ ቀጥሎ የገበሬው ጎጆ ይመጣል። የፈረስ ማደሪያ ግን ከሁሉ ተረስቶ ቀርቷል። ለብቻው የቆመ የፈረስ ቤት ፈልጎ የሚነሣ ተመራማሪ የሚያገኘው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ ፈረሰኛ እየተባለ የተመሰገነው ሕዝብ ፈረሱን በሜዳ ያሳድር ነበርን ብሎ ለመጠየቅ ይገደዳል። ጥያቄው የሚነሣው ግን ፍለጋው ከተሳሳተ ስፍራ ስለሚጀምር ነው። በደጋው አገር የፈረስ ማደሪያ ከሰው ቤት ተለይቶ ራሱን የቻለ ትልቅ ሕንጻ የሆነው ዘግይቶ፣ ያውም መንግሥት በአንድ ስፍራ በረጋ ጊዜ ነው። መንግሥት ከዚያ ስፍራ ሲነሣ ሕንጻው ባዶውን ይቀራል፤ ፈረሱ ግን ወደ ሰው ቤት ይመለሳል።

ቃላቱ ራሳቸው ይህን ነገር ያመለክታሉ። በረት የከብት ነው፤ በአጥር የተከበበ ሆኖ ብዙ ጊዜ ጣራ የለውም። ጉሮኖ የበግና የፍየል ነው። ጋጣ ግን በቤት ውስጥ ወይም ከቤት ተጠግቶ የሚከፈል የእንስሳ ማደሪያ ሲሆን፣ በውስጡ መኖ የሚቀርብበት ግርግም ይገኛል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተወለደው ሕፃን የተኛበት ግርግም ለደጋ አንባቢ እንግዳ ነገር ያልሆነበት ምክንያት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሰውና እንስሳ በአንድ ጣራ ሥር ሲያድሩ ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። አጠራሩ ከአገር አገር ቢለያይም ልዩነቱ የጸና ነው፤ ከብት በአጥር ይጠበቃል፣ ፈረስ በጣራ ይጠበቃል።

በጉራጌ ትልቅ ቤት ውስጥ አንዱ ወገን ለእንስሳ ተከፍሎ ከብቱና ፈረሱ ከቤተ ሰቡ ጋር ያድራሉ። በላስታ ባለ ሁለት ደርብ የሆነው ክብ የድንጋይ ቤት ምድር ቤቱን ለእንስሳ፣ ፎቁን ለሰው ይሰጣል። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። በሌሊት ጅብ አለ፤ ሌባ አለ፤ የደጋው ውርጭም አለ። ፈረስ ደግሞ እንደ በሬ በቀላሉ የሚተካ ሀብት አይደለም። ከነዚህ ሌላ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ሳይኖር አይቀርም። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ቀሳፊ ሕመም በቫይረስ የሚመጣ ሆኖ፣ የሚያስተላልፉትም ከምሽት እስከ ንጋት የሚናከሱ ጥቃቅን ትንኝ መሰል ነፍሳት ናቸው። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቤት ገብቶ ጢስ ካለበት የሚያድር ፈረስ ከሜዳ ፈረስ ይልቅ ይጠበቃል። ባለቤቱ የነፍሳቱን ነገር ሳያውቅ ልማዱ ግን ሲጠብቀው ኖሯል ማለት ነው። ይህ ከልማዱ ተነሥቶ የሚሰጥ ግምት ነው እንጂ ልማዱ ስለዚህ ተጀመረ ለማለት አይደለም። የእንስሳት ሐኪሞችም በሌላ ወገን ጢስና የሽንት ትነት የፈረስን ሳንባ እንደሚጎዳ ያስረዳሉ።

ጋጣ መሥራት ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በደንብ ያልታሰበ ጋጣ ፈረስን በአንድ ክረምት ያበላሻል። መጀመሪያ የሚታሰበው የመሬቱ ተዳፋት ነው። ጋጣው ከምድጃውና ከመኝታው ዝቅ ካለ ወገን ካልሆነ ሽንቱ ወደ ሰው ይወርዳል፤ ስለዚህ ወለሉ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ተደርጎ በግድግዳው ሥር ትንሽ ቦይ ይወጣለታል። ስለ ወለሉ ሁለት ሐሳብ አለ። የተነጠፈ ድንጋይ ለመጥረግ ይመቻል፤ ግን ይቀዘቅዛል፣ ሲረጥብም ያንሸራትታል። የተደለደለ ዐፈር ለሰኮና ይስማማል፤ ግን ፈረስ በፊት እግሩ መሬት የመጫር ጠባይ ስላለው ከግርግሙ ፊት ጕድጓድ ይከፈታል፣ በጕድጓዱም ሽንት ይቋጥራል፣ ከዚያም ሰኮናው ይበሰብሳል። በሁለቱም ላይ ገለባ መጎዝጐዝ፣ ጠዋት ጠዋትም ፋንድያውን ማውጣት ግድ ነው። ፋንድያው ወደ ጓሮ ስለሚሄድ ድካሙ ያለ ዋጋ አይቀርም።

ለምሰሶው ጥድ ይመረጣል፤ ምስጥ አይደፍረውምና። ፈረስ የሚታሰርበት ካስማ ግን ወይራ ቢሆን ይሻላል፤ ሥራ ፈትቶ የቆመ ፈረስ ለስላሳ እንጨት እያኘከ ይጨርሳል። ግርግሙ ከግንድ የተፈለፈለ ገንዳ ወይም በድንጋይና በጭቃ የተሠራ መደብ ሊሆን ይችላል። እጅግ ከፍ ካለ የገለባው ትቢያ ወደ ዐይንና ወደ አፍንጫ ይገባል፤ እጅግ ዝቅ ካለ ፈረሱ እግሩን ያገባበታል። የገመዱ ርዝመትም እንዲሁ ልክ አለው። ቢያጥር ፈረሱ መተኛት ይከለከላል፤ ቢረዝም እግሩን ተብትቦ ይወድቃል። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጨርሶ ሳይተኛ የሚሰነብት ፈረስ ይደክማል።

እንግዲህ ይህ ዓይነት ማደሪያ ስንት ፈረስ ይችላል? ውስጡ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 6 ሜትር የሆነ ክብ ቤት 28 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው። አንድ የደጋ ፈረስ ታስሮ ለመቆምና ለመተኛት በትንሹ 1 ሜትር ከ50 በ2 ሜትር ከ50 ቢያስፈልገው፣ ሁለት ፈረሶች የቤቱን ሩብ ከማለፍ አይመለሱም። ሦስተኛው ከመጣ ሰው መውጣት አለበት። ስለዚህ ባለ ብዙ ፈረስ የሆነው ጌታ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይ ለብቻው የሚቆም ቤት መሥራት፣ ወይ ፈረሶቹን በሌላ ሰው ቤት ማሳደር። ብዙ ጊዜ የተመረጠው ሁለተኛው ነው። የጌታን ፈረስና በቅሎ መቀለብና መጠበቅ ከገባሩ ግዴታዎች መካከል ይቈጠር ነበርና፣ መቶ ፈረስ አለው የሚባለው መኰንን አንድም ጋጣ ሳይሠራ መቶውንም ሊያሳድር ይችል ነበር። ሸክሙ በገባሩ ጎጆ ላይ ስለ ተከፋፈለ ከሕንጻ ታሪክ ውስጥ አልታየም።

ቤተ መንግሥቱም ቢሆን ለረጅም ዘመን የድንኳን ቤተ መንግሥት ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዛወር እያንዳንዱ ሹምና ሠራተኛ የሚተክልበት ቦታ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑን ጽፏል። እንዲህ ባለው ከተማ ውስጥ የፈረስ ቤት አይታነጽም፤ ፈረስ በመደዳ በካስማ ይታሰራል። ሰፈሩ የአካባቢውን ማገዶና ሣር ሲጨርስ ይነሣል። የተነሣበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ፖለቲካ ተብሎ ይጻፋል እንጂ የእንስሳቱ መኖ ከፖለቲካው ያነሰ ድርሻ አልነበረውም።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በጎንደር ነው። ዐፄ ፋሲል (እ.ኤ.አ. 1632 – 1667) ከተማውን በ1628 ዓ.ም. ከቈረቈሩ በኋላ ነገሥታቱ በየተራ በአንዱ ግቢ ውስጥ ግንብ ጨመሩ። በግቢው ሰሜናዊ ወገን የሚገኘው የፈረስ ጋጣ ከዐፄ በካፋ (እ.ኤ.አ. 1721 – 1730) ሥራዎች ጋር ይቈጠራል። እዚህ ላይ ፈረሱ ከሰው ጎጆ ወጥቶ እንደ ግብር አዳራሹ ሁሉ በድንጋይና በኖራ የታነጸ ማደሪያ ከነገሥታቱ ግንብ አጠገብ አገኘ። ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። አንድ መቶ ፈረስ በአንድ ስፍራ ለማኖር የሚጠይቀውን ማስላት ይበቃል። ፈረሶቹ በሁለት ረድፍ ቢታሰሩና ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከ50 ወርድ ቢሰጠው አዳራሹ 75 ሜትር መርዘም አለበት። እያንዳንዱ በቀን 25 ሊትር ቢጠጣ 2,500 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ይህም 20 ሊትር በሚይዝ እንስራ 125 እንስራ ነው። ይህን ያህል ውሃ በሰው ጀርባ በየቀኑ ማመላለስ ስለማይቻል ፈረሱ ራሱ ወደ ወንዝ መወሰድ ነበረበት። ጎንደር በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ስለ ሆነች በዚህ ረገድ የታደለች ናት። ገብስ ለእያንዳንዱ 2 ኪሎ ቢሰፈር በቀን 2 ኩንታል ነው፤ ድርቆሹና ገለባው ሳይጨመር ማለት ነው። እንግዲህ የድንጋይ ጋጣ ሊቆም የሚችለው ግብር ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ወደ አንድ ስፍራ በሚፈስበት አገር ነው። ከግንቡ ቁመት ይልቅ የጋጣው መኖር ስለ ጎንደር መንግሥት መርጋት አጥብቆ ይመሰክራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በፋሲል መዋኛ አቅራቢያ በዐምዶች ላይ የቆመች ባለ ጕልላት ትንሽ ሕንጻ አለች። ሕዝቡ የዞብል መቃብር ይላታል፤ ዞብልም የንጉሥ ፈረስ ነበረ ይባላል። የባለቤቱ ንጉሥ ስም እንደ ተራኪው ይለያያል።

ይሁን እንጂ አንድን ፍርስራሽ የፈረስ ቤት ነው ብሎ መሰየም የሚያስከትለውን ችግር ለማየት ከኢትዮጵያ ወጥቶ ወደ መጊዶ መሄድ ይጠቅማል። መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 9 ሰሎሞን መጊዶን እንደ ሠራ፣ የሠረገላና የፈረሰኞች ከተሞችም እንደ ነበሩት ይናገራል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዚያ ሲቈፍሩ በድንጋይ ዐምዶች በሦስት መተላለፊያ የተከፈሉ ረዣዥም ቤቶች አገኙ። በዐምዶቹ መካከል ከድንጋይ የተፈለፈሉ ገንዳዎች ነበሩ፤ ከዐምዶቹም አንዳንዶቹ ገመድ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበራቸው፤ የግራና የቀኙ ወለልም ድንጋይ የተነጠፈ ነበረ። 450 ያህል ፈረሶች የሚይዝ የሰሎሞን ጋጣ ነው ተባለ። በኋላ ይጋኤል ያዲን ሕንጻዎቹ ከሰሎሞን በኋላ የመጡ፣ የአክዓብ ዘመን ሥራዎች መሆናቸውን አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ጄምስ ፕሪቻርድ ጨርሶ ጋጣ መሆናቸውን ተጠራጠረ፤ ዕቃ ቤት ሊሆኑ ይችላሉ አለ። በቤርሳቤህ ተመሳሳይ ፕላን ያላቸው ቤቶች በማከማቻ ሸክላዎች ተሞልተው መገኘታቸው ለክርክሩ ኀይል ሰጠው። ለጋጣነታቸው የቆሙት ሰዎች መልስ የሰጡት ከፈረሱ ጠባይ ተነሥተው ነው፤ በገንዳዎቹ ጠርዝ ላይ ያለው መበላት ሥራ ፈትቶ የታሰረ ፈረስ ጥርስ የሚያሳርፈው ምልክት ነው አሉ። ክርክሩ ገና አልተዘጋም፤ ነገር ግን ፈረስ አሳዳሪ ከመሬት ቈፋሪው ጋር እኩል ሊደመጥ የሚገባው መሆኑን አሳይቷል።

ትምህርቱ ለጎንደርም ይሆናል። ጣራው የወደቀ ረጅም አዳራሽ የግብር ቤት፣ የጦር ዕቃ ቤት ወይም ጋጣ ሊባል ይችላል፤ ቅርጹ ብቻውን አይለያቸውም። የሚለያቸው የወለሉ ተዳፋት፣ የሽንቱ መውረጃ፣ የግርግሙ ከፍታ፣ የበሩ ስፋትና ከውሃው ጋር ያለው መንገድ ነው። እነዚህን ምልክቶች የሚያውቀው ጋጣ ጠርጎ ያደገ ሰው ነው። የዚህ ሰው ዕውቀት በጽሑፍ ስላልሰፈረ ከርሱ ጋር ይሄዳል፤ ወለል በሲሚንቶ በታደሰ ቍጥርም ከድንጋዩ በኩል ያለው ማስረጃ አብሮ ይሸፈናል።

ከጎንደር መዳከም በኋላ መንግሥት እንደገና ወደ ድንኳን ተመለሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉ፤ የፈረሱ ስም የንጉሡ ስም ሆኖ ሲቀር የፈረሱ ቤት ግን አልቀረም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በዙላ ጠረፍ ያራገፋቸው ፈረሶችና በቅሎዎች በውሃ ጥምና በበሽታ በብዛት አለቁ። በቈላ ምድር ፈረስን በሜዳ ማሳደር ምን እንደሚያስከትል የደጋው ሰው ከዚያ በፊት ያውቀው ነበር፤ ወደ ቈላ ሲወርድ በቅሎ የሚመርጠውም ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ከተቈረቈረች በኋላ መንግሥት ለሁለተኛ ጊዜ ረጋ፤ ወዲያውም የቤተ መንግሥት ጋጣ ተመለሰ። የፈረስ ሹም የሆነው ባልደራስ ከግቢው ሹማምንት አንዱ ነበረ፤ በዋና ከተማይቱም በዚሁ ስም የሚጠራ ሰፈር እስካሁን አለ። ሆኖም ይህ ጊዜ አጭር ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ ደረሰ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ዐፄ ኀይለ ሥላሴ ሲነግሡ ፈረስ የሚስበው ሠረገላ በአደባባይ ታየ፤ ሠረገላውና አውቶሞቢሉ ግን በአንድ ከተማ መንገድ ይጋፉ ጀምረው ነበር። በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥታዊው ሥርዓት ሲያበቃ የባልደራስነት ሹመት አብሮ አበቃ።

በአገው ምድር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በእንጅባራ ያከብራል። በዚያ ዕለት እጅግ ብዙ ፈረስ ተሸልሞ በሜዳው ላይ ይታያል። ማኅበሩ ይህን ሁሉ ፈረስ የሚያሳድርበት ጋጣ የለውም፤ ፈረሱ የሚመጣው ከየቤቱ ነው፤ ሲመሽም ወደየቤቱ ይገባል።