ጌም ሱስ ነው ወይስ መሸሻ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ደውለው «መምህር፣ ልጄ ከፕሌይስቴሽን ቤት አልወጣ አለኝ። ሱስ ሆኖበታል፣ እባክዎ ይምከሩልኝ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ምን ብዬ እንደምመክረው ጠፋኝና እንደ ልማዴ ወደ ታሪክ ሮጥኩ። (የድሮ ተማሪዎቼ አትሳቁ፣ ታውቁኛላችሁ።)

የሮጥኩት ወደ ደቡብ ኮሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ። መንግሥት ከአይኤምኤፍ ተበደረ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ከሰሩ፣ እስከ ጡረታ እንሠራለን ብለው የኖሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ቀሩ። ከእነሱ አንዳንዶቹ በተሰናበቱበት ገንዘብ ኮምፒውተር ገዝተው «ፒሲ ባንግ» ከፈቱ። ባንግ ማለት ክፍል ነው። በ1998 ደግሞ ስታርክራፍት የሚባለው ጌም ወጣ። ሥራ የሌለው ወጣት በትንሽ ገንዘብ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥበት ቦታ አገኘ። እስቲ አስቡት፦ ከሥራ የተባረረው ሰውዬ በከፈተው ቤት ሥራ ያጣው ልጅ ይጫወታል። ይሄንን ሱስ ለማለት እኔ አልደፍርም። መሸሻ ነው።

ነገርዬው ግን እዚያ አልቆመም። በ2005 ዴጉ ከተማ ውስጥ አንድ የ28 ዓመት ሰው 50 ሰዓት ያህል ያለ በቂ ዕረፍት ሲጫወት ቆይቶ ሞተ። ሥራውንም ያጣው በጌሙ ምክንያት ነበር። ልብ በሉ፣ የ1998ቱ ልጅ ሥራ አጥቶ ነው ጌም የገባው፣ ይሄኛው ጌም ገብቶ ነው ሥራ ያጣው። ውጪ ላለ ሰው ግን ሁለቱም ያው ስክሪን ላይ የተደፉ ሰዎች ናቸው።

መንግሥት በ2011 ሕግ አወጣ። ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ልጅ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ኦንላይን ጌም እንዳይጫወት። ልጆቹ ምን አደረጉ? በወላጆቻቸው መታወቂያ ቁጥር ገቡ። በዚያ ላይ የኮሪያ ተማሪ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቱቶሪያል ይገባል፣ በሴኡል ቱቶሪያሉ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት መቆየት ይችላል። የራሱ የምትለው ጊዜ ያቺው ሌሊቷ ነበረች እኮ! ኋላ ጌሙ ወደ ሞባይል ሲዞር ሕጉ ሞባይሉን አይነካም ነበርና በ2021 ፓርላማው ራሱ ሻረው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የጌም ችግርን በበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባ ሰዓት አልቆጠረም። የጠየቀው ሌላ ነው፦ ሰውየው ራሱን መግታት አቅቶታል ወይ? ጌሙ ከሌላው ነገር ሁሉ በልጦበታል ወይ? እየጎዳው ይቀጥላል ወይ? ይሄም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ሲታይ ነው። የኮሪያ የጤና ሚኒስቴር ተቀበለው፣ የባህል ሚኒስቴሩ ተቃወመ። ጌም ለአገሪቱ ትልቅ የውጭ ንግድ ነዋ።

ይሄን ሁሉ ይዤ ከልጁ ጋር ተገናኘን። ስንት ሰዓት ትጫወታለህ አላልኩትም። «መቼ ነው የጀመርከው?» አልኩት።

«ከሰፈር ከተነሳን ወዲህ ነው ቲቸር። ሁላችንም የተለያየ ኮንዶሚኒየም ገባን። ልጆቹን የማገኛቸው እዚያ ብቻ ነው።» ሁለት ታክሲ ይዞ ነው የሚሄደው። እናቱ ይሄን አልነገሩኝም፣ ምናልባትም አያውቁም።

ሱስ አይደለም ብዬ ልፈርድለት ነበር። ግን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። «ልጆቹ ያልመጡ ቀንስ?»

ዝም አለ። ጫማውን ሲያይ ቆየና «ያው እጫወታለሁ» አለኝ።

ለእናትየው እስካሁን አልደወልኩም። ቅዳሜ ቤቱን ሊያሳየኝ ተቀጣጥረናል።