ጭቃ የተቀባችው ስደተኛ

እህቶቼ፣ በዚህ እትም የማጫውታችሁ አና ሜንዲዬታ ስለምትባል ሴት ነው። ኩባዊት ናት። ኩባን አባቶቻችን የሚያውቋት በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ በመጡት ወታደሮቿ ነው። አና ግን በገዛ ሰውነቷ፣ በጭቃ፣ በአበባና በእሳት ጥበብ የሠራች ስደተኛ ናት። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

አና በ1948 ሃቫና ተወለደች። ቤተሰቧ ደህና ኑሮ ያለው፣ ሠራተኛ የሚያሳድር ቤት ነበር። ካስትሮ ሥልጣን ሲይዝ ብዙ ወላጆች ፈርተው ልጆቻቸውን ብቻቸውን ወደ አሜሪካ ላኩ። ከ1960 እስከ 1962 ከ14,000 በላይ ልጆች በዚህ መንገድ ሄደዋል። አና በ1961 ከእህቷ ጋር ስትሄድ ገና 12 ዓመቷ ነበር። አይዋ በሚባል ብርዳም ግዛት፣ አንዴ በማሳደጊያ አንዴ በሰው ቤት እየተዘዋወሩ አደጉ። እናታቸው የመጣችው በ1966 ነው። አባታቸው ኩባ ታስሮ ስለነበር እሱ እስኪመጣ 1979 ሆነ። በሰው ቤት ማደር ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥዕል ተማረች፤ በኋላ ግን ሸራና ቀለም አልበቃትም። በ1973 ሜክሲኮ ውስጥ ያጉል በሚባል ጥንታዊ ቦታ፣ ክፍት መቃብር ውስጥ ተኝታ ሰውነቷን በነጭ አበባ ሸፈነች፤ ፎቶም ተነሳች። ራቁቷን ነው፤ ለእኛ ማየቱ ይከብድ ይሆናል። ግን አበባው ከራሷ የበቀለ ነው የሚመስለው። እስከ 1980 ድረስ እንዲህ ያለውን ሥራ ደጋግማ ሠራች። አንዳንዴ ጭቃና ሳር ተቀብታ ከዛፍ ግንድ ጋር ተጣብቃ ትቆማለች። አንዳንዴ የሰውነቷን ቅርጽ ባሕር ዳር አሸዋ ላይ አውጥታ ቀይ ቀለም ትሞላበታለች፤ ማዕበሉ መጥቶ ይወስደዋል። ሌላ ጊዜ በባሩድ ታነደዋለች።

ይህን የምትሠራው ከአገሯ በልጅነቷ ስለተነቀለች እንደሆነ፣ ከመሬት ጋር የተበጠሰውን ገመድ የምትቀጥለውም በዚህ እንደሆነ ተናግራለች።

ነገሩ ደግሞ ሥር አለው። ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ኩባ ውስጥ ያቆዩት ሳንቴሪያ የሚባል እምነት አለ። በቅጠልና በውሃ ሰው ያነጹበታል፣ በሽተኛ ይፈውሱበታል። አና ስለዚህ እምነት በልጅነቷ የሰማችው ከቤታቸው ሠራተኞች ነው። የአና ስም በየሙዚየሙ ተጽፏል፤ የነገሯት ሠራተኞች ስም ግን አብሮ አይጠራም። እኛ ሲያማቸው ዝንጅብልና ማር እያፈላን የምናጠጣቸው ልጆችስ ነገ ከእኛ ምን ይዘው እንደሚያድጉ ማን ያውቃል?

በ1980 ኩባን ዳግም አየች። በ1981 ከሃቫና ብዙም በማይርቀው ሃሩኮ ዋሻዎች ውስጥ የሴት ቅርጾችን በድንጋዩ ላይ ቀረጸች።

በ1985 ኒው ዮርክ ውስጥ ከ34ኛ ፎቅ ወድቃ ሞተች። 36 ዓመቷ ነበር። ባሏ ካርል አንድሬ፣ የታወቀ ቀራጺ፣ ገድሏታል ተብሎ ተከሰሰ፤ በ1988 በነጻ ተለቀቀ። ለእሱ የተከራከሩት ራሷን ጥላ ወይም በአደጋ ወድቃ ይሆናል ብለው ነበር። «ራሷን ጣለች» የሚለው ቃል ለእኛ አዲስ አይደለም። እህታችን ከፎቅ ስትወድቅ መጀመሪያ የሚባለው ይሄው ነው፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውም እሱ ነው።

ለአና ግን ጠያቂ አልጠፋም። በ1992 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ሙዚየም የባሏን ሥራ ሲያሳይ ሴቶች በሩ ላይ ተሰብስበው አና የት አለች ብለው ጮኹ። የጮኹላት ስሟንና ሥራዋን ስለሚያውቁ ነው። ቅርጿን ማዕበል ቢወስደውም ፎቶና ፊልሙን አስቀምጣ ነበር።

የእኛ ሥራ ማታ ተጠርጎ፣ ጠዋት እንደገና የሚጀመር ነው፤ ምልክት አይተውም። ስለዚህ እህቶቼ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ጻፉ። ሙሉ ስማችሁን፣ የምትሠሩበትን ቤት አድራሻና የአገር ቤት ስልካችሁን ለአንዲት ለምታምኗት ጓደኛ ስጡ፤ የእሷንም ያዙላት። የት አለች ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ ስሟን ማወቅ ያስፈልጋል።