ደም በተመለሰ ጊዜ

አዲስ አበባ ከፍል ውኃ አጠገብ መወለዷን የማያውቅ የከተማችን ልጅ ያለ አይመስለንም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ስሟን ካወጡላት ጀምሮ፣ ዛሬ ፍል ውኃ በምንለው ሰፈር የሚፈልቀው ሙቅ ውኃ ስንቱን ሕመምተኛ ሲቀበል ኖሯል። ስለዚህ ሙቀት መድኃኒት መሆኑን ለማመን አንቸገርም። ነገር ግን በዚሁ ሰፈር ኩላሊታቸው ደክሞባቸው በየሳምንቱ ደማቸውን በመኪና ለማሳጠብ የሚመላለሱ ወገኖቻችን ተስፋ የቆመው በሙቀት ላይ ሳይሆን በበረዶ ላይ ነው። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ታሪኩን እንመልከት።

በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 23 ቀን 1954 በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪ የአንዱን መንትያ ኩላሊት ለሁለተኛው በተከሉ ጊዜ፣ ኩላሊቱ ያለ ደም የቆየው 82 ደቂቃ ነበር። ለጋሹም ተቀባዩም የተመሳሰሉ መንትዮች ስለ ነበሩ የተቀባዩ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አልቈጠረውም፤ ሥራውም ተሳካ።

በዚያን ዘመን ብዙዎች ሐኪሞች ጠላት የሚሉት የደምን መቋረጥ ብቻ ነበር። ደሙ ከተመለሰ ሁሉ ይስተካከላል ማለታቸውም አያስደንቅም። በ1960 ግን ሮበርት ጄኒንግስና ባልደረቦቻቸው የውሻን ልብ ሲመረምሩ፣ ደም ተዘግቶበት ቆይቶ የተከፈተለት ሥጋ ጉዳቱ ሲፋጠን አዩ። ምክንያቱ እየቈየ ተገለጠ። ኦክሲጅን ያጣ ሕዋስ ያከማቸውን ኃይል ይጨርስና ሃይፖዛንቲን የተባለ ዝቃጭ ያጠራቅማል፤ ደም ተመልሶ ኦክሲጅን ሲጎርፍበት ከዚያ ዝቃጭ የሕዋሱን ሽፋን የሚበሉ መርዘኞች ይወለዳሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም እንደ ጠላት ይረባረቡበታል። ሌሎችም ምክንያቶች ኋላ ታውቀዋል። እናቶቻችን ከረጅም ጾም በኋላ ቤተ ሰባቸውን ወደ ዶሮው ወጥ ከማቅረባቸው በፊት ተልባ ማጠጣታቸው ከዚህ የራቀ ነገር አይመስለንም፤ ባዶ የቈየ ሆድ በአንድ ጊዜ አይጫንም።

መከላከያው ሁለት መንገድ ያዘ። አንደኛው ማቀዝቀዝ ነው፤ ወደ 4 ዲግሪ የወረደ ኩላሊት የሚፈልገው ኃይል እጅግ ያንሳልና ዝቃጩም ቀስ ብሎ ይጠራቀማል። በ1969 ጄፍሪ ኮሊንስ ባዘጋጁት ፈሳሽ የታጠበ የውሻ ኩላሊት በበረዶ ውስጥ 30 ሰዓት ከቈየ በኋላ ሠራ። ሁለተኛው መርዙን ከምንጩ ማድረቅ ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በዊስኮንሲን ፎልከርት ቤልዘርና ጄምስ ሳውዛርድ በሠሩት ፈሳሽ ውስጥ አሎፑሪኖል ገባ። ይህ የሪህ ሕመምተኛ የሚውጠው ያው የታወቀ መድኃኒት ነው!

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1995 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ሲቋቋም ይህ ጭንቀት አልነበረበትም፤ የዓይን ብሌን መስታወት የደም ሥር የለውምና። የኩላሊት ግን ሌላ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን ሲያደርግ፣ ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ነበሩ። እኅት ለወንድሟ የምትሰጠው ኩላሊት ምትክ የለውም፤ ቢበላሽ ሌላ ልታመጣ አትችልም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሥራ ደቂቃ ይቈጠራል። ኩላሊቱ ከለጋሹ እንደ ወጣ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ደሙ እስኪጠራ ይታጠባል፤ እስኪሰፋም በበረዶ ይያዛል። የማደንዘዣው ሐኪም በበኩሉ የተቀባዩን የደም ግፊትና ፈሳሽ አስቀድሞ ያስተካክላል፤ የተራበው ኩላሊት በደካማ ደም እንዳይቀበል ነው። ከዚያ መቈንጠጫው ይፈታል። ገርጥቶ የነበረው ኩላሊት ይቀላል፤ ሐኪሞቹም የመጀመሪያዋን የሽንት ጠብታ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቃሉ።