ትርፍ ቤት

“ትርፍ” የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። ለነጋዴ ያገኘው ጥቅም ነው፤ ለደርግ ካድሬ ግን ከሚገባው በላይ የተያዘ ነገር ነበር። ዛሬ ቁጠባውን ቆጥሮ “አንድ ቤት ገዝቼ ባከራይስ?” የሚል ወጣት የሚያስበው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውንም ቢያውቅ አይከፋም።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ቦታ የሚገኘው በሹመት ነበር። ዓፄ ምኒልክ ለመኳንንቱ ሰጡ፤ ወታደሩና አሽከሩ በጌታው ዙሪያ ሰፈረ። “ደጃች ውቤ ሰፈር” የምንለው ከዚያ የቀረ ስም ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የከተማ ቦታ የግል ንብረት እንዲሆን ተፈቀደ። ከተማዋ ስታድግ ከገጠር የሚመጣው ሁሉ ማደሪያ ፈለገ፤ ቦታ ያለውም የጭቃ ቤት እየደረደረ አከራየ። ባለ ብዙ ቤት መስፍን ነበረ፤ ከሁለት ክፍል ኪራይ የምትኖር ባልቴትም ነበረች።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይኑረው፣ የቀረው “ትርፍ ቤት” ነው ተባለ። ማከራየት የመንግሥት ብቻ ሥራ ሆነ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም ተቀነሰ።

ተከራዩ እልል አለ፤ እውነቱን ለመናገር እልል የሚያሰኝም ነበር። ግን ኪራዩ ለዓመታት ባለበት ቆመና ጣሪያ ለማደስ እንኳ የማይበቃ ሆነ። ለማከራየት ቤት የሚሠራ ሰውም ጠፋ። በየመንደሩ ጎብጠው ያየናቸው የቀበሌ ቤቶች የዚህ ሒሳብ ውጤት ናቸው።

ደርግ ሲወድቅ ቤት መሥራትና ማከራየት ተመለሰ፤ መሬቱ ግን አልተመለሰም። በ1986 የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 80) መጣ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ ይግባ ሲል ደነገገ። የመኖሪያ ሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። ስለዚህ ጀማሪው ገዢ በእጁ የሚገባው ግድግዳው፣ ጣሪያውና የመጠቀም መብቱ ነው። መሬቱን አይገዛም።

ኪራዩስ? በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንዴ ከሚያወጣው ጣሪያ እንዳያልፍ አዘዘ። መንግሥት በአከራይና በተከራይ መካከል ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ልዩነቱ፣ በ1967 ቤቱን ወሰደ፤ በ2016 ዋጋውን ያዘ።

ይህን የምንለው “አትግዙ” ለማለት አይደለም። ደላላው የሚነግርህ ስለ ሴራሚኩና ስለ አስፋልቱ ነው። አንተ ግን ካርታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ፣ ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ አለበት ወይ፣ ስም ሲዛወር ምን ይጨመርብሃል ብለህ ጠይቅ። ከዚያ በኋላ ኪራዩ በፈለግኸው ልክ ባይጨምር ብድሩን መክፈል ትችል እንደሆነ አስላ። ካልቻልክ የያዝከው ትርፍ ቤት እንጂ ትርፍ አይደለም።